የሌንሴ አልጋ ጌዶ የሄደች ዕለት

ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ወር ነበር። እህሉ ተወቅቶ ያለቀበት፣ መንገዱ አቧራ ብቻ የሆነበት፣ በየሰፈሩ የሠርግ ድንኳን የተተከለበት ጊዜ። ትልቋ ልጄ ሌንሴ ጌዶ ለሚያስተምር ገመቹ ለሚባል መምህር ልትዳር አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር። ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ሦስት ልጆች አሏት። ያን ጥር ያስታወሰኝ ግን እሷ አይደለችም። ባለፈው ቅዳሜ አምቦ መናኸሪያ በር ላይ ያገኘሁት ደበላ የሚባል ሹፌር ነው። ሸብቷል። ከሩቅ አይቶኝ ባርኔጣውን አወለቀና፣ "አዴ ዘነበች! አካም ጅርቱ? አልጋዋስ ደህና ናት?" አለኝ። ሌላው ሰው የልጄን ጤና ይጠይቀኛል፤ ደበላ የአልጋዋን ነው የሚጠይቀው። "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም መንገድ ላይ ቆመን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ መሳቅ አልወድም። ግን መጣ፤ ምን ላድርግ።

ያኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ጀምሮ እስከ ሁሉቃ ድልድይ ድረስ የጭነት ድርጅቶች ቢሮ በየጥጉ ነበር። ቢሮ ስል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላና አንድ ጥቅል ገመድ ማለቴ ነው። ስማቸው ግን ትልቅ ነበር። ደበላ የሚሠራበት ድርጅት "ሦስቱ ወንድማማቾች" ይባላል፤ ወንድማማቾቹ ግን ሁለት ናቸው። ሦስተኛው የት አለ ሲባሉ ጃንጥላው አጠገብ የቆመውን አይሱዙ ያሳያሉ። "ያ ነው፤ ታላቃችን። የሚያበላን እሱ ነው" ይላሉ። እውነትም አክብረው ይይዙት ነበር፤ እሁድ እሁድ ወንዝ ዳር ወስደው ሲያጥቡት ራሳቸው ሳይታጠቡ ይመለሳሉ እየተባለ ይታማሉ። ዛሬ ያ ጎዳና ላይ የሞባይል መሸጫ ነው ያለው። ትልልቆቹ ሲኖዎች ከተማውን ሳያዩት ያልፋሉ፤ ጭነት በስልክ ይፈለጋል፣ በስልክ ይገኛል። ደህና ነው፤ አልነቅፍም። ግን ማንም ማንንም በድምፁ አያውቅም።

እኛ በድምፅ ነበር የምንተዋወቀው። ጌታ ቀድሞ የወሰደው የሌንሴ አባት ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ተሳቢ ያለው ኤንትሬ ይነዳ ነበር። ያ የጣሊያን መኪና ዳገት ሲወጣ ሲያቃስት ሰፈሩ አብሮ ያቃስታል። እያንዳንዱ ሹፌር የራሱ ጡሩምባ ነበረው። የሌንሴ አባት ከጊንጪ በኩል ሲመጣ ከተማው መግቢያ ላይ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ይነፋል፤ እኔ ወጡን እጥዳለሁ፤ ከመኪናው ወርዶ እጁን እስኪታጠብ ወጡ ይደርሳል። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ሹፌር ጡሩምባው አምሮት የሌላውን ሰው ቀድቶ ሲነፋ ከረመ። ጎረቤቴ በቀን ሦስት ጊዜ ወጥ አሞቀች፤ ባሏ ግን ነቀምቴ ነበር። በአራተኛው ቀን ድስቱን ይዛ ሄዳ "ብላ እንግዲህ! አንተ ነህ የጠራኸኝ" ብላ አዲሱ ሹፌር ፊት አስቀመጠችው። በላ። ጣፋጭ ነው ብሎም አመሰገነ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ጡሩምባውን ቀየረ።

የሌንሴ አባት ጡሩምባውን ለማንም አላስተማረም፤ መንዳቱን ግን ለደበላ አስተማረው። ከመንዳቱ ጋር አንድ ሃይማኖት የሚመስል ነገርም አስተማረው፦ መኪና ባዶ ቦታ ይዞ አይነሳም። "ጭነቱ ሳይሞላ የሚነሳ ሹፌር፣ ሳይጸልይ የሚበላ ሰው ማለት ነው" ይለው ነበር። ደበላ ከጸሎቱ ይልቅ የያዘው ጭነት መሙላቱን ነው። አይሱዙ ላይ አንድ ክንድ ክፍት ቦታ ካየ ፊቱ ይጨማደዳል። ሰው ቤት ገብቶ እንኳ ቁም ሳጥኑንና ግድግዳውን አይቶ "እዚህ መሀል ሁለት ኩንታል ይገባል" ይል ነበር።

እንግዲህ የሌንሴን እቃ ጌዶ ማድረስ ነበረብኝ። በኛ ዘንድ የሙሽራ እቃ ቀድሞ ይሄዳል፤ የሚያደርሰውም አጎት ነው፣ እናት አትሄድም። ወንድሜ ኦላና ግን በዋዜማው ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፈነ። "እንዲህ ሆኜ ብሄድ ሙሽራዋን የደበደብናት ይመስላቸዋል" አለ። ስለዚህ እኔው ተነሳሁ። እቃው ብዙ አልነበረም፦ አንድ የዋንዛ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ድስቶችና ባልዲ። ያለ አባት ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ በዚያች አልጋ አላፍርም ነበር። አናጢው ራስጌዋ ላይ ሁለት ርግብ ቀርጾላታል፤ አንዷ ርግብ ዶሮ ትመስላለች፤ ቢሆንም ታምራለች።

ደበላ ሰምቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አይሱዙን ደጄ ላይ አቆመው። መስታወቱን፣ በሩን፣ የጎን ሳንቃውን ሁሉ በቀይና በነጭ ሪባን አስሮታል። "የጌታዬ ልጅ እቃ ነው፤ በነፃ ነው የማደርሰው" አለ።

"እግዚአብሔር ይስጥህ" አልኩት።

አልጋዋን ጫነ፣ ቁም ሳጥኑን አቆመ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አየ። ፊቱ ተጨማደደ።

"አዴ፣ ባልዎ ይህን ቢያዩ ምን ይሉኛል? ግማሹ እኮ ባዶ ነው!"

"ምን ላድርግልህ፣ ያለኝ ይኸው ነው።"

"አይ፣ እሱን ለኔ ይተዉት።"

ተውኩለት። የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህች ቃል ነው።

መጀመሪያ የቆምነው አቶ ሸምሱ ሱቅ ነው። አቶ ሸምሱ ከደቡብ መጥቶ አምቦ የከበረ ነጋዴ ነው፤ ያን ሰሞን ጌዶ ላይ ለመንገደኛ የሚከራይ መኝታ ቤት ሊከፍት ነበር። "እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ፍራሾቼ ከአልጋዎ ጋር ቢሄዱ ይቀየሙኛል?" አለኝ። ምን ቸገረኝ፣ ይሂዱ አልኩ። አሥራ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ተጫነ፤ እሱ በሚኒባስ ቀድሞን ሄደ። ጉደር ስንደርስ ደበላ አሁንም ክፍት ቦታ ታየው፤ ስምንት ከረጢት ሽንኩርት ጫነ። ከጉደር ስንወጣ አንድ ሰው እጁን አንስቶ አስቆመን። ጌዶ ላለ ዘመዱ የሚላክ የፀጉር ቆራጭ ወንበር ነበረው፤ የሚሽከረከር፣ ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ የሰው ቁመት የሚያክል መስታወትም አብሮት። ደበላ በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ወንበሩ የመጨረሻዋን ቦታ ልክ እንደ ቡሽ ደፈናት። ሸራውን ከላይ አልብሶ በገመድ ጠፍሮ ሲጨርስ፣ "አሁን መኪና ሆነ!" አለ።

መንገዱን ሁሉ መዝሙር ሰማን። የደበላ ፍላሽ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው፤ እኔን አክብሮ እነሱን ዘለላቸው። ያለው መዝሙር አንድ ብቻ ስለነበር ከአምቦ እስከ ጌዶ እሱኑ ደጋገመው። ጥሩ መዝሙር ነው። እስከ ዛሬ ግን ሲጀመር አፍንጫዬን ሽንኩርት ሽንኩርት ይለኛል።

ጌዶ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ደበላ በትርፍ ጎማ ቀየረውና ቀስ ብለን የሙሽራው አባት፣ የኦቦ ቶሎሳ ደጅ ደረስን። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ደበላ የፈነዳውን ጎማ ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ "ጎሚስታ ጋ ጥዬው ልምጣ። እስክመለስ ሸራውን ማንም እንዳይነካው፣ አዴ። የማን እቃ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ" አለኝና ሄደ።

እኔም ሸራውን አትንኩ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ከየት እንደመጡ ሴቶቹ ከበቡኝ፤ ሁለት እጄን ሁለት ሴቶች ያዙት። የገመቹ እናት አዴ ድንቄ አቅፋ ሳመችኝ። "ቆዩ፣ እቃው…" አልኩ። "እቃውን ይርሱት! እንግዳ እቃ ያነሳል እንዴ? ነውር ነው!" አለችኝ። ያ ሰፈር እንዲህ ነው፤ የሙሽራ እቃ ሲደርስ ጎረቤቱ ነው የሚያወርደው፤ ያመጣው ሰው ጣቱን ካነሳ ስድብ ነው። ወደ ውስጥ ወስደው ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርገው አስቀመጡኝ። እርጎ ሰጡኝ። ጌዶ ብርድ አገር ነው፤ ጋቢም ደረቡልኝ። በእርጎና በጋቢ ታሰርኩ ማለት ነው።

ውጭ ዘፈኑ ተጀመረ። መጀመሪያ እልልታው መጠነኛ ነበር። አልጋዋ ወረደች አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ጨመረ። ቁም ሳጥኑ ነው አልኩ። ከዚያ ግን አላቋርጥ አለ። አዴ ድንቄ ወጣ ብላ ተመለሰች፤ ዓይኗ ፈጧል።

"አዴ ዘነበች፣ ምን አደረጉን?"

"ትንሽ ናት" አልኩ። "ካቅሜ ነው፤ አይታዘቡኝ።"

"ትንሽ!" አለች፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እንደገና ወጥታ ተመለሰች። አሁን ላብ አጥምቋታል።

"ገና አላለቀም እኮ!"

"ድስቶቹ ናቸው" አልኩ። "ያረጁም አሉባቸው፤ ይቅር በሉኝ።"

አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። አንዷ በሹክሹክታ "እንዲህ ያለች ትሑት ሀብታም አይቼ አላውቅም" ስትል ሰማኋት። ያኔ ነው እርጎውን አስቀምጬ የተነሳሁት።

ደጁ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል። አሥራ ሁለቱ ፍራሾች አጥሩን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ለምሳ ከትምህርት ቤት የመጣው ገመቹ፣ ሸሚዙ ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጓደኞቹ እያሽከረከሩት ነው። ሽንኩርቱ ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ መስታወቱ ፊት ደግሞ አንድ ፍየል ቆማ ራሷን ትመለከታለች። የኔ አልጋ ከሁሉ ኋላ፣ ሽንኩርቱ ሥር ነበረች። አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ትልቅ ሽማግሌ መሀል ቆመው እቃውን እየጠሩ ያሞጋግሱታል። "ወንበሩ ለመምህር የሚገባ ወንበር ነው!" ይላሉ። "ሽንኩርቱ ደግሞ ቤቱ እንዳይራብ!"

ኦቦ ቶሎሳን አየሁት። ረጅም፣ ቀጭን ገበሬ ነው። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ጎረቤቶቹ "እንግዲህ መልስህስ?" ብለው አፍጠውበታል። በኛ ዘንድ ስጦታ ያለ መልስ አይቀርም፤ ሰው ፊት የመጣ፣ ሰው ፊት ይመለሳል። ኦቦ ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ለስጦታው መልስ… ሁለት በሬ ሰጥቻለሁ" አለ። ሰፈሩ በጭብጨባ ቀለጠ። እሱ አላጨበጨበም።

ዝም ብል የሰው በሬ ልወስድ ነው። ብናገር ልጄ ገና ሳትገባ "እናቷ የሰው ፍራሽ ይዛ መጣች" ሊባል ነው፤ ያን ስም ዕድሜ ልኳን ትሸከመዋለች። ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈተው አልኩ። እኔ ሰው መሀል ተናግሬ አላውቅም።

"የኔ አልጋዋ ብቻ ናት" አልኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። "ሰማችሁ? የኔ አልጋዋ ብቻ ናት፣ ሌላው ሁሉ የእግዚአብሔር ነው እያለች ነው!" እልልታው ቀለጠ።

"አይደለም፣ አባቴ። የእግዚአብሔር አይደለም፣ የአቶ ሸምሱ ነው።"

"እውነት ነው! ሁሉም የሰው ነው፣ ለሰው ነው!" አሉ ሽማግሌው፤ ጆሯቸው ድምፃቸውን አያህልም ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ አልሞከርኩም። ሄጄ አንዱን ፍራሽ አነሳሁና ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ወደ መኪናው መሄድ ጀመርኩ። ስፖንጅ ነው፣ አይከብድም፤ ግን ከፊት ከኋላ ተጣጥፎ ዓይኔን ሸፈነው። ዘፈኑ ቆመ። ጫማዬን ብቻ እያየሁ እራመዳለሁ። ሰውነቴ መኪናውን ሲነካ ፍራሹን ወረወርኩና ሁለተኛውን ላመጣ ዞርኩ።

አዴ ድንቄ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ። "ዋቃዮ! ምን በደልንዎት? ልጅዎን ሊከለክሉን ነው?"

"ሁለት በሬ አነሰዎት?" አለ አንድ ጎረቤት። ገመቹ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ወንበሩ ዞረበትና ፊቱን ወደ አጥሩ አድርጎ ቀረ።

ያኔ አወራሁ። በዕድሜዬ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። "አልከለክልም" አልኩ። "ስሙኝ። ባሌ ሹፌር ነበር። ይህን መኪና ለሚነዳው ልጅ ክፍት ቦታ ኃጢአት ነው ብሎ አስተማረው። ልጁም በየመንገዱ ሞላው። ፍራሹ የአቶ ሸምሱ ነው። ወንበሩ የፀጉር ቆራጭ ነው። ሽንኩርቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። የኔ አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ብርድ ልብስና ድስት ነው። ልጄን የምሰጣችሁ ከዚህ ጋር ነው። ካነሰ አሁኑኑ ንገሩኝ፤ እሷን አትንገሯት።"

ፍየሏ መስታወቱን ገጨች።

ኦቦ ቶሎሳ ቀስ ብሎ ወደኔ መጣ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት እጄን ያዘና፣ "አዴ" አለኝ። "ያለኝ በሬ ስንት ነው?"

"አላውቅም።"

"ሁለት ነው! ሁለት ብቻ ነው! ክረምት በምን ላርስ ነበር? ድንቄን ልጠምድ ነበር?"

"እስቲ ሞክረኝ!" አለች አዴ ድንቄ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ኦቦ ቶሎሳ እየሳቀ እንባውን ጠረገ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ወደ ሽንኩርቱ ሄዶ ከረጢቶቹን አንሥቶ አልጋዋን አወጣት። አቧራዋን በክንዱ ጠረገና ለሁሉም አሳያት። "ይቺ ናት የልጄ አልጋ! ርግብም አላት፣ ዶሮም አላት!" አለ። ለዶሮዋ የተለየ እልልታ ተባለ። ሌላውን እቃ በዚያው ዘፈን መልሰው ጫኑት፤ ሲያወርዱ ከዘፈኑት ይልቅ ሲጭኑ የዘፈኑት ይበልጥ ደምቆ ነበር።

ደበላ ጎማውን እየገፋ ሲመጣ አቶ ሸምሱም ፍራሹን ፍለጋ ደረሰ። ሽማግሌው አንዱ ፍራሽ ላይ ተኝተው አልነሳም ብለዋል። "ይተኙ፣ አባባ" አለ አቶ ሸምሱ። "ጌዶ ሙሉ ሲያንኮራፉ ይስማዎት፤ ነገ መኝታ ቤቴ ይሞላል።" ደበላ ግን ጭነቱን ዞሮ ዞሮ አየው። ሁሉም የሆነውን እያቋረጡ ነገሩት። አልሳቀም። "ማነው የጫነው?" ብሎ ጠየቀ። "ሰፈሩ" አሉት። "ጥሩ አልጫናችሁም። እዚህ ጋ ሁለት ኩንታል የሚገባ ቦታ ባክኗል" አላቸው።

አዴ ድንቄ ወጥታ ሸኘችኝ። አሥር ሰዓት ላይ ስንነሳ መስኮቱ ጋ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። "አላነሰም፣ እህቴ" አለችኝ በጆሮዬ። እርስዎ ማለቷን ትታለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አምቦ ገባሁ። ሌንሴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። "እቃውን ወደዱት?" አለችኝ። "ወደዱት" አልኩና ገብቼ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ተነስቼ የሴቶች ጸሎት ሄድኩ። እዚያ በየሳምንቱ እግዚአብሔር ያደረገላት ነገር ያላት ቆማ ትመሰክራለች። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ የሌሎችን ሰምቻለሁ። ያን ቀን እጄን አነሳሁ። የምትመራን እህት አየችኝና፣ አየር አጥሮኝ መስሏት፣ "እስቲ አጠገቧ ያለውን መስኮት ክፈቱላት" አለች።

"ይዘጋ፣ ብርድ ይገባል" አልኩና ተነሳሁ። "የምመሰክረው ረጅም ነው።"